ድህነትን በቁጥር የፈተሹት ዕቅድ ነዳፊ፤ ፕሮፌሰር ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ

ድህነትን ለመቀነስ ብሔራዊ ስትራቴጂ የሚነድፍ አገር ከሁሉ አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ድሃ የሚባለው ማን ነው? ብዛቱስ ምን ያህል ነው? በወር ምን ይበላል፣ ምን ያህልስ ያወጣል? ለልማት የሚመደበው ገንዘብ ከዚህ ሰው ጓዳ የሚደርሰው በየትኛው መንገድ ነው? ዛሬ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መፈለግ የየአገሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች የዘወትር ተግባር ሆኗል። ከሰባ ዓመታት በፊት ግን ከቅኝ አገዛዝ በተላቀቁት ድሃ አገሮች መልሱን አሟልቶ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። መልሱን በሥርዓት ለማግኘት ከተነሡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ህንዳዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ፕራሳንታ ቻንድራ ማሃላኖቢስ ነበሩ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ማሃላኖቢስ የተወለዱት ጁን 29 ቀን 1893 በካልካታ ከተማ ነው። በከተማው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ፊዚክስ ካጠኑ በኋላ በ1913 ወደ እንግሊዝ አቅንተው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በ1915 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲዘጋጁ አንድ መምህራቸው ባዮሜትሪካ የተባለውን የስታቲስቲክስ መጽሔት አሳዩአቸው። ወጣቱ የመጽሔቱን ቅጾች ገዝተው በመርከብ ጉዞ ላይ ማንበብ ጀመሩ። ካልካታ ደርሰው የፊዚክስ መምህር ቢሆኑም ልባቸው ግን ወደ አዲሱ ሙያ አዘንብሎ ነበር።

ሙያው ለተራው ሕዝብ ምን እንደሚፈይድ በግልጽ የታየው በጎርፍ ጉዳይ ነው። በ1926 በኦሪሳ ከባድ የጎርፍ አደጋ ሲደርስ መሐንዲሶች የወንዙ ወለል ከፍ ብሏል በሚል ግምት በወንዙ ዳርና ዳር የተሠሩት የአፈር ክትሮች ከፍ እንዲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ማሃላኖቢስ ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ የዝናብና የወንዝ ፍሰት መዝገብ አገላብጠው ወለሉ አለመለወጡን አረጋገጡ። የጎርፉ መንስኤ በላይኛው ተፋሰስ የጣለው ከባድ ዝናብ መሆኑን አመልክተው ውኃው ከላይ በግድብ እንዲያዝ መከሩ። ከዚህ በኋላ መዝገብ ሳይመረመር በግምት ገንዘብ ማፍሰስን አጥብቀው ሲቃወሙ ኖረዋል።

በዲሴምበር 1931 የህንድ ስታቲስቲክስ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ሥራው የተጀመረው በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ ክፍል ውስጥ በነበረ አነስተኛ ቤተ ሙከራ ነበር። ከ1937 ጀምሮ ኢንስቲትዩቱ ለጆንያ መሥሪያ የሚውለውን የጁት ሰብል በናሙና ጥናት መለካት ያዘ። እያንዳንዱን ማሳ ከመቁጠር ይልቅ በዕጣ የተመረጡ ማሳዎችን ብቻ በጥንቃቄ መለካት አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ፣ ውጤቱም ይበልጥ የሚታመን መሆኑን በተግባር አሳዩ። መረጃ ሰብሳቢዎች እንዳይሳሳቱ ወይም ቁጥር ከራሳቸው እንዳይፈጥሩም ዘዴ ቀየሱ። ይኸውም በአንድ አካባቢ ሁለት ቡድኖች ተለያይተው እንዲሠሩ በማድረግ ውጤታቸውን ማስተያየት ነው። ሁለቱ ውጤቶች በእጅጉ ከተራራቁ አንድ ስህተት መኖሩ ይታወቃል።

በ1943 ቤንጋል ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በጨረሰ ረሃብ ተመታች። በወቅቱ ስለ ሩዝ ምርቱ መጠን የሚታመን አኃዝ አልነበረም። ረሃቡ ካለፈ በኋላ የኢንስቲትዩቱ ባለሙያዎች በየመንደሩ እየተዘዋወሩ መሬቱን የሸጠው ወይም በወለድ አገድ ያስያዘው ማን እንደሆነ፣ የእርሻ በሬውን ያጣውና ለልመና የወጣው የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ መዘገቡ። ጥናቱ መከራው በሁሉም ላይ እኩል እንዳልወደቀ አሳየ። ይበልጥ የተጎዱት መሬት አልባው የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጁና የእጅ ባለሙያው ነበሩ።

ህንድ በ1947 ነፃነቷን ስትቀዳጅ ድህነትን ማስወገድ የአዲሱ መንግሥት ዋነኛ ዓላማ ሆነ። በ1949 የአገሪቱን ጠቅላላ ገቢ የሚያሰላ ኮሚቴ ሲቋቋም ማሃላኖቢስ ሰብሳቢ ሆነው ተሰየሙ። ሆኖም ብዙው ሕዝብ በገጠር የሚኖር፣ ምርቱንም በአብዛኛው ራሱ የሚመገብ በመሆኑ ገቢውን ከግብርና ከንግድ መዝገብ ብቻ ማወቅ አልተቻለም። ክፍተቱን ለመሙላት በ1950 ብሔራዊ የናሙና ጥናት ተጀመረ።

ከኦክቶበር 1950 እስከ ማርች 1951 በተካሄደው የመጀመሪያው ዙር ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ከሆኑት የህንድ መንደሮች መካከል 1 ሺህ 833 ተመረጡ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የመሬትና የእህል መስፈሪያው ከአካባቢ አካባቢ የተለያየ ነው፤ ቋንቋውም እንዲሁ። አንድን ቤተሰብ ያለፈውን ሳምንት ፍጆታውን መጠየቅ ይሻላል ወይስ ያለፈውን ወር የሚለው ጥያቄ እንኳ ራሱን የቻለ ሙከራ አስፈልጎታል። በመጨረሻም ያለፉትን 30 ቀናት መጠየቅ ተመረጠ። በዚህ ሁኔታ የአንድ ድሃ ገበሬ የሩዝ፣ የጨውና የልብስ ወጪ ዋና ከተማው ከሚገኘው የዕቅድ ሰነድ ጋር ለመገናኘት በቃ።

በ1954 ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ከ1956 እስከ 1961 ለሚዘልቀው ሁለተኛው የአምስት ዓመት ዕቅድ መነሻ የሚሆን ጥናት እንዲዘጋጅ ለማሃላኖቢስና ለኢንስቲትዩታቸው አደራ ሰጡ። እንደ ራግናር ፍሪሽና ኦስካር ላንጌ ያሉ የውጭ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ካልካታ ድረስ እየመጡ ሐሳብ አዋጡ። ረቂቁ በማርች 1955 ቀረበ።

የማሃላኖቢስ አስተሳሰብ እንዲህ ነበር። አንድ ድሃ አገር ማሽን ሁሉ ከውጭ የሚገዛ ከሆነ፣ የወደፊት ዕድገቱ ባለው አነስተኛ የውጭ ምንዛሪ የተገደበ ይሆናል። ስለሆነም ከአዲሱ መዋዕለ ንዋይ አንድ ሦስተኛው ብረትና ማሽን ለሚያመርተው ከባድ ኢንዱስትሪ ይመደብ። ፍሬው እስኪታይ ድረስ የሕዝቡን የዕለት ፍላጎት ብዙ ካፒታል የማይጠይቁት የሽመናና የጎጆ ኢንዱስትሪዎች ያሟሉ፤ ለሥራ አጡም ሥራ ይፍጠሩ። ረቂቁ በአምስት ዓመት ውስጥ ለ11 ሚሊዮን ሰዎች አዲስ ሥራ ለመፍጠር ያለመ ነበር። በቢላይ፣ በሩርኬላና በዱርጋፑር የተገነቡት ሦስት የመንግሥት ብረታ ብረት ፋብሪካዎች የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው።

ዕቅዱ ከጅምሩ ተቃውሞ አልተለየውም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሸኖይ በ1955 ባቀረቡት የልዩነት ሐሳብ የበጀት ጉድለቱ የዋጋ ንረት እንደሚያስከትል አስጠነቀቁ። የቦምቤዎቹ ቫኪልና ብራህማናንዳ ደግሞ አዲስ ሥራ ያገኘ ድሃ በደመወዙ መጀመሪያ የሚገዛው እህልና ልብስ በመሆኑ እነዚህ በበቂ መጠን ካልተመረቱ ዕቅዱ እንደሚሰናከል ተከራከሩ።

ጊዜው የተቺዎቹን ስጋት በከፊል አረጋገጠ። በ1957 የውጭ ምንዛሪ እጥረት በመከሰቱ ዕቅዱ ተከለሰ። ግብርናው በሚፈለገው ፍጥነት ባለማደጉም አገሪቱ በአሜሪካ የስንዴ እርዳታ ላይ ይበልጥ ጥገኛ ሆነች። ፋብሪካዎቹ በእርግጥ ቆመዋል፤ የምህንድስና ሙያና የኢንዱስትሪ መሠረትም ተጥሏል። ነገር ግን የብረቱ ጢስ የታየውን ያህል የገበሬው ጎተራ አልሞላም።

በ1960 የህንድ ምክር ቤት በሁለት ዕቅዶች የተገኘው ተጨማሪ ገቢ የት ደረሰ ሲል ጠየቀ። ጉዳዩን የሚመረምረው ኮሚቴ በዚያው ዓመት ሲቋቋም ሰብሳቢ የተደረጉት ራሳቸው ዕቅድ ነዳፊው ማሃላኖቢስ ነበሩ። ኮሚቴው በ1964 ባቀረበው ሪፖርት የኢኮኖሚ ኃይል በጥቂት ትላልቅ ድርጅቶች እጅ መከማቸቱን አረጋገጠ፤ የዕቅድ ሥርዓቱ ራሱ ለእነዚህ ድርጅቶች ማደግ አስተዋጽኦ ማድረጉንም አልሸሸገም። ሰነዱ የዘጋቢው የራሱ ሥራ የተፈተሸበት በመሆኑ ልዩ ቦታ ይሰጠዋል።

በዚሁ መካከል በ1962 አንድ የባለሙያዎች ቡድን በ1960/61 ዋጋ ለአንድ ሰው በወር 20 ሩፒ ዝቅተኛ የኑሮ ወጪ እንዲሆን ወሰነ። የማሃላኖቢስ የቅርብ ባልደረባ የነበሩት ፒታምባር ፓንት የመሩት የፕላን ኮሚሽኑ ክፍልም በዚህ ልክ እያንዳንዱ ዜጋ በ15 ዓመት ውስጥ ከዝቅተኛው ኑሮ እንዲደርስ ምን ያህል ዕድገት እንደሚያስፈልግ አሰላ። የድህነት ወለል በህንድ የዕቅድ ሥራ ውስጥ የገባው በዚህ መልክ ነው። ከከተማ ፋብሪካ የተነሣው ዕቅድ ወደ ሰው ማዕድ መመልከት ጀመረ።

ከ1965 ጀምሮ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ድርቅ በመከሰቱና በ1966 የሩፒ የመግዛት አቅም እንዲቀንስ በመደረጉ የአምስት ዓመት ዕቅዶች ለሦስት ዓመታት ተቋረጡ። በ1971 ሁለት ህንዳውያን ምሁራን፣ ዳንዴካርና ራት፣ የልማቱ ፍሬ ከድሆቹ ዘንድ እምብዛም አለመድረሱን በሰነድ አረጋገጡ። ማስረጃቸውን በዋናነት የወሰዱት ማሃላኖቢስ ከጀመሩት ብሔራዊ የናሙና ጥናት ነበር። ማሃላኖቢስ በበኩላቸው ጁን 28 ቀን 1972፣ 79ኛ ዓመት የልደት በዓላቸው ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው በካልካታ አረፉ።

ህንድ ከ2007 ጀምሮ የልደት ቀናቸውን የስታቲስቲክስ ቀን አድርጋ ታከብራለች። የነደፉት ዕቅድ እስከ ዛሬ ሲያከራክር፣ የዘረጉት የቆጠራ ሥርዓት ግን ደጋፊም ተቃዋሚም የሚጠቀምበት የጋራ ሀብት ሆኗል። ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት፣ የድህነት ቅነሳ ስትራቴጂ ሊሳሳት የሚችል የሰው ሥራ መሆኑን ነው። ስህተቱ በጊዜ ታውቆ ሊታረም የሚችለው ደግሞ የድሃው የወር ወጪ ሳይሸፋፈን ሲመዘገብና የተመዘገበውም ዕቅድ አውጪውን ጭምር ለመመርመር ሲውል ነው።