አጎስቲኖ ባሲና ነጩ ሻጋታ

አጎስቲኖ ባሲ እ.ኤ.አ. በ1773 በሰሜን ኢጣልያ፥ በሎዲ አጠገብ ተወለደ። በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ የመንግሥት ሥራ ያዘ፤ ነገር ግን ዓይኑ እየደከመ ስለ ሄደ ሥራውን ትቶ ወደ አባቱ እርሻ ተመለሰ።

በዚያ አገር የሐር ትል ብዙ ገበሬ ያኖር ነበር። ትሉን ግን አንድ በሽታ ይፈጀዋል፤ የሞተው ትል ይደርቅና ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ብዙዎች በሽታው ከአየሩና ከመኖው በራሱ የሚነሣ ይመስላቸው ነበር። ባሲም በ1807 ምርመራውን ሲጀምር በዚሁ አሳብ ተመርቶ ብዙ ዓመት በከንቱ ደከመ። በመጨረሻ ግን ዱቄቱ የሻጋታ ዘር መሆኑን፥ ከሬሳው ወደ ጤነኛው ትል በንክኪና በምግብ መተላለፉን አረጋገጠ። ይህንንም በ1834 ለፓቪያ መምህራን አሳይቶ በ1835 መጽሐፉን አሳተመ፤ ገበሬውም የታመመውን እንዲለይ፥ የሞተውን እንዲያቃጥል መከረ። ፓስተር የሐር ትልን በሽታ መመርመር የጀመረው ከዚህ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ባሲ በ1856 ዐረፈ፤ ሻጋታው ግን ቦቬሪያ ባሲያና ተብሎ በስሙ ይጠራል።

ይህ ታሪክ እኛን ምን አገባን? ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው ደጋ ልጅ የአንበጣ ነገር አይነገረውም። በ2020 አንበጣ የደቡብ ወሎን ሰብል ሲያወድም ገበሬው እየጮኸና ጣሳ እየመታ ያባርር ነበር። በዚያው ዓመት በጎረቤት ሶማሊያ ሜታራይዚየም የተባለ፥ ሌላውን ፍጥረት ሳይጎዳ አንበጣን የሚገድል ሻጋታ ተረጨ። ሐርን ሲያጠፋ የኖረው የሻጋታ ወገን እንዲህ የሰብል ጠበቃ ሆነ። መንገዱን የከፈተውም ዓይኑ የደከመ የሕግ ምሩቅ ነው፤ እኛም ትምህርታችን ሌላ ነው ብለን የገበሬውን ችግር አንለፈው።