ዶክተር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ (1921–1992)

ከከፍታ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ ቅልጥሙ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ የደቀቀ ሰው፣ እዚህ ፔታሕ ቲክቫ ቤይሊንሰን ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ቢገባ፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ወዲያው ከፍተው አይጠግኑትም። ባበጠ ቆዳ ላይ ቢላ ካረፈ ቁስሉ ሊመረቅዝ፣ እግሩም ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አጥንቱን ከውጭ በብረት ደግፈው እብጠቱ እስኪጎድል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ይጠብቃሉ። ከዚያ መገጣጠሚያውን ገጥመው በብረት ሰሌዳና በብሎን ያስሩታል። ስብራቱ እጅግ ከከፋ ግን እስኪድን ድረስ እግሩ በብረት ቀለበቶች ተይዞ ሊቆይ ይችላል። እነዚህን ቀለበቶች ለዓለም ያተረፉት ዶክተር ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ናቸው።

ኢሊዛሮቭ እ.ኤ.አ. በ1921 ፖላንድ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው የካውካሰስ የተራራ አይሁድ ከሚባለው ወገን ነበሩ፤ ልጁም ያደገው በአባቱ አገር፣ በአዘርባጃኗ ቁሳር ነው። ቤተሰቡ ድሃ ስለነበር ትምህርት ቤት የገቡት ከእኩዮቻቸው ዘግይተው ነው። ቢሆንም በ1944 በሕክምና ተመርቀው ሳይቤሪያ፣ ኩርጋን አውራጃ ወደሚገኝ ገጠር ተመደቡ።

በዚያ ያገኟቸው ከጦርነት የተመለሱ፣ አጥንታቸው አልገጥም ያለ ሰዎችን ነበር። ጀሶ ለወራት ታስሮባቸው መገጣጠሚያቸው ይደርቃል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኢሊዛሮቭ ቀጫጭን ሽቦዎችን በአጥንቱ ውስጥ አሻግረው፣ ወጥረው ከቀለበት ጋር አሰሩ፤ ቀለበቶቹንም በዘንግ አያያዙ። ታማሚው አጥንቱ ሳይድን በእግሩ መርገጥ ቻለ። ኋላም የተቆረጠ አጥንት በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ቀስ እየተባለ ሲሳብ፣ በክፍተቱ አዲስ አጥንት እንደሚበቅል አሳዩ።

የሞስኮ ሊቃውንት ግን የገጠሩን ሐኪም ለዓመታት ችላ አሉት። በ1964 በቶኪዮ ኦሎምፒክ የከፍታ ዝላይ ወርቅ ያገኘው ቫሌሪ ብሩሜል በማግስቱ ዓመት በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ደቀቀ። ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ስላላዳነው ኩርጋን ድረስ ሄደ። ኢሊዛሮቭ አከሙት፤ ዳግመኛም ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። በ1980 ጣሊያናዊው ተጓዥ ካርሎ ማውሪ እዚያው ታክሞ ሲመለስ፣ የአገሩ ሐኪሞች ኢሊዛሮቭን በ1981 ጋበዟቸው። ዘዴው ወደ ምዕራቡ ዓለም የዘለቀው ያን ጊዜ ነው።

አያቶቻችን ጎንደር ውስጥ ሰው ሲሰበር ወጌሻ ጠርተው፣ አጥንቱን ከውጭ በእንጨት ደግፈው ያሳስሩ ነበር። ኢሊዛሮቭም ከውጭ ደገፉ፤ የእሳቸው ድጋፍ ግን በሽቦው አጥንቱን ራሱን ይይዛል። በ1992 ያረፉት እዚያው ኩርጋን ነው።