አበበ ቢቂላና የረጅሙ መንገድ ትምህርት

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያችው ዕለት እጅግ ሩቅ በሆነ አገር፣ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የኦሊምፒክ የማራቶን ሩጫ ይደረግ ነበር። በጃቶ የተወለደው ሕፃን አንድ ቀን በዚህ ሩጫ ዓለምን ሁሉ እንደሚቀድም ያወቀ ማንም አልነበረም።

አበበ ልጅ ሳለ እንደ መንደሩ ልጆች ሁሉ የገና ጨዋታ ይጫወት ነበር። በዚህ ጨዋታ ልጆች ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘው ትንሽ ኳስ እየመቱ በሰፊ ሜዳ ላይ ይሯሯጣሉ። ግቡ ሩቅ ስለ ሆነ ትንፋሹ የጠና ልጅ ካልሆነ በቀር እስከ ፍጻሜው የሚዘልቅ የለም። እንዲህ እየተጫወተ እግሩም ልቡም ጠነከረ።

ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ በ1944 ዓ.ም. ገደማም በክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በወታደርነቱ ጊዜ መሮጥን እጅግ ወደደ። በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብቶች ወደ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። ዝናብም ሆነ ፀሐይ፣ ዳገትም ሆነ ቁልቁለት ይህን ልማዱን አላስተወውም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከሁሉ የሚበልጥ ሯጭ አልነበረም። በጦር ሠራዊት ውድድር ዋሚ ቢራቱ የሚባል ብርቱ ሯጭ ቀድሞት አበበ ሁለተኛ ወጣ። አበበ ግን ስለ ተቀደመ አልተቈጣም፤ ሩጫውንም አልተወም።

በዚያ ዘመን ኦኒ ኒስካነን የሚባል፣ በትውልዱ ፊንላንዳዊ የሆነ የስዊድን ሰው፣ በኢትዮጵያ የስፖርት አሠልጣኝ ነበረ። ይህ ሰው የአበበን አካሄድ ተመለከተ። ሲሮጥ ራሱን አያወዛውዝም፤ ትከሻውን አያነሣም፤ እግሩም መሬቱን በቀላሉ እየነካ ያልፋል። ኒስካነን ይህ ወታደር ለማራቶን የተገባ እንደ ሆነ አስተዋለ፤ ስለዚህም ያሠለጥነው ጀመረ።

ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነ የመንገድ ላይ ሩጫ ነው። ይህ ልክ መጀመሪያ የተሮጠው በ1900 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ኦሊምፒክ ነው። ግማሹ 21 ኪሎ ሜትር ከጥቂት ሜትር ይሆናል። አበበ በየቀኑ የሚሮጠው 20 ኪሎ ሜትር ከግማሹ ጋር ሊተካከል ጥቂት ቀረው። እንግዲህ ግማሹን የለመደ ሰው ሁለት እጥፍ አድርጎ ቢሮጥ ሙሉውን ይፈጽማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሰው ሲሮጥ በሰውነቱ ውስጥ ያለውን ስንቅ ይበላል። ይህ ስንቅ በጡንቻና በጉበት የተከማቸ ስኳር ነው። ፈጥኖ የሚሮጥ ሰው ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ስንቁ ሊያልቅበት ይችላል። በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ቀስ ብሎ ወደሚነደው ስብ ዞሮ ስለሚጠቀም እግሩ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ግማሹን ብቻ የሚሮጥ ሰው ይህን መከራ ሳያየው ወደ ቤቱ ይገባል። ማራቶንን የሚሮጥ ግን ሌሎች ሮጠው ከጨረሱ በኋላ ሌላ ያን የሚያህል መንገድ ይጠብቀዋል። ከፊተኛው ግማሽ ይልቅ የሚከብደውም ይህ የኋለኛው ግማሽ ነው።

ስለዚህ ወደ ረጅሙ ሩጫ ለመሸጋገር ሥርዓት አለው። ሯጩ ረጅሙን መንገድ በአንድ ቀን አይጀምርም። ከሳምንት ወደ ሳምንት ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ይሄዳል። ትንፋሽ ቶሎ ይጠነክራል፤ አጥንትና ጅማት ግን ለመጠንከር ብዙ ጊዜ ይፈልጋሉ። ቸኵሎ የሚጨምር ሰው ትንፋሹ ሳይከዳው እግሩ ይጐዳበታል። ብርቱ ሩጫ ከሮጠ በኋላም በማግሥቱ ቀለል ያለ ሩጫ ይሮጣል፤ ወይም ያርፋል፤ ሰውነት የሚታደሰው በዕረፍት ጊዜ ነውና። ረጅም ሩጫን ቀስ ብሎ የለመደ ሰውነት ስቡን አብዝቶ መጠቀምና ስኳሩን መቈጠብ ይማራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የማራቶን ሯጭም ቀስ በቀስ ይሠራል እንጂ በአንድ ጀንበር አይወለድም።

አበበም ዓመታት ከሠለጠነ በኋላ በ1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ማራቶን ሮጦ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ እንደ ገና በዚያው ከተማ ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድም ፈጸመ። በዚያን ጊዜ የኦሊምፒኩ ክብረ ወሰን የቼኮዝሎቫኪያው የኤሚል ዛቶፔክ ሲሆን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ነበረ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ አየሯም የሳሳ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አየር የሚሠለጥን ሰው ደሙ አየርን አብዝቶ መሸከም ይማራል። አበበ በዚህ ከፍታ እንዲህ ከሮጠ በቈላው ከዚህ የበለጠ ይሮጥ ዘንድ ተስፋ ነበረ። ከኢትዮጵያ ውጭ ግን ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበረ።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ተደረገ። ሙቀቱ እንዲበርድ ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ነበረ። በሮም ያገኘው አዲስ ጫማ ስላልተስማማው አበበ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ቈረጠ። በባዶ እግር መሮጥ ለእርሱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ በሥልጠናው ጊዜም እንዲሁ ይሮጥ ነበርና። መንገደኞች ግን አይተውት ተደነቁ።

ከውድድሩ በፊት ራዲ ቤን አብደሰላም የሚባለውን የሞሮኮ ሯጭ እንዲጠብቅ ተመክሮ ነበር፤ ቊጥሩም 26 እንደ ሆነ ተነግሮት ነበር። ራዲ ግን በዚያን ቀን 185 ቊጥር ለብሶ ሮጠ። ስለዚህ አበበ 26 ቊጥርን ከፊቱ እየፈለገ ሲሮጥ፣ የሚፈልገው ሰው በአጠገቡ ይሮጥ ነበር። ሁለቱ ሌሎቹን ሁሉ ትተው ጐን ለጐን ብዙ ኪሎ ሜትር ሄዱ። መሸ፤ በጥንታዊው በአፒያ መንገድ ዳርም ወታደሮች ችቦ ይዘው አበሩላቸው። አበበ አልቸኰለም። ኃይሉን ለመጨረሻው ጊዜ ቈጥቦ ነበር።

በዚያን ዘመን የአክሱም ሐውልት በሮም ከተማ ቆሞ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከአክሱም ወስዶት ነበርና። ይህ ሐውልት ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ወደዚህ ሐውልት ደረሰ። የቀረው መንገድ 500 ሜትር ያህል ነበረ። በዚያን ጊዜ ያቈየውን ኃይል ሁሉ አውጥቶ ፈጠነ፤ ራዲም ሊከተለው አልቻለም። በቈስጠንጢኖስ የድል በር ዘንድ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይህም እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ከታየው ሁሉ የፈጠነ ነበረ። ራዲ ከ25 ሰከንድ በኋላ ደረሰ። ኢትዮጵያም በኦሊምፒክ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ አገኘች።

ከዚህ በኋላ አበበ በአቴና፣ በጃፓንም በኦሳካ ከተማ ሮጦ አሸነፈ። ነገር ግን ሁልጊዜ አልቀናውም። በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ከማሞ ወልዴ ጋር ሮጠ። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጀምረው እጅግ ፈጥነው ብዙ መንገድ መሩ። በኋለኛው ግማሽ ግን ብርድ ነፋስና ኮረብታ ገጠማቸው፤ አበበም አምስተኛ ሆኖ ገባ። ረጅም መንገድ የታወቀ ጀግናን እንኳ አያዳላለትም።

በ1957 ዓ.ም. ኦሊምፒክ በጃፓን በቶኪዮ ከተማ ተደረገ። ከውድድሩ በፊት አርባ ቀን እንኳ ሳይቀረው አበበ ትርፍ አንጀቱ ታምሞ በሐኪም ቢላ ታከመ። ብዙ ሰዎች አይሮጥም ብለው ነበር። እርሱ ግን ቍስሉ እስኪሽር ጥቂት ታግሦ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ከዚያም መሮጥ ጀመረ። የብዙ ዓመት ሥልጠና በጥቂት ሳምንት ሕመም አይጠፋም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በዚህ ጊዜ ጫማ ተጫምቶ ሮጠ። በኋለኛው ግማሽ ከተከታዮቹ እየራቀ ሄዶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ብቻውን ወደ ስታዲየሙ ገባ። ሁለተኛው ሰው ከመድረሱ በፊት ከ4 ደቂቃ በላይ አለፈ። አበበም በሣሩ ላይ ሆኖ እጁንና እግሩን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለሦስተኛ ጊዜ ሮጠ። እግሩ ግን ታምሞ ስለ ነበረ ግማሹን ሳያደርስ አቆመ። በዚያን ቀን ያሸነፈው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነበረ። ማሞ በዚያው ሰሞን በ10,000 ሜትር ሁለተኛ ወጥቶ ነበር፤ ከአጭሩ ሩጫ ወደ ረጅሙ ተሸጋግሮም ድልን ለኢትዮጵያ አቆየላት።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም.፣ በአበበ ላይ ታላቅ መከራ ደረሰ። መኪናውን ሲነዳ ተገልብጦ አከርካሪው ተጐዳ። ዓለምን ያስደነቁት እግሮቹ ከዚያ ቀን ጀምረው አልተራመዱም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ብዙ ወራት ታከመ። በመጀመሪያ እጆቹም ታስረው ነበር፤ በትዕግሥት ሲለማመድ ግን እንደ ገና ታዘዙለት። ያን ጊዜ ከጥቂቱ መጀመርን ዳግመኛ ተማረ። አንድ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር የሮጠ ሰው አሁን ክንዱን ማንሣት ልምምዱ ሆነ።

እንዲህም ሆኖ ውድድርን አልተወም። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ከአካል ጉዳተኞች ጋር ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ በተደረገ እሽቅድምድም አንደኛ ሆነ። በ1964 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ፣ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ቊጥሩ እጅግ የበዛ ሕዝብ አለቀሰለት።

ሰዎች ስለ አበበ ሲያወሩ በባዶ እግር መሮጡን አብዝተው ያነሣሉ። ድሉ የተሠራው ግን በሮም መንገድ ብቻ አልነበረም። በሱሉልታ ኮረብታ ላይ፣ የሚያጨበጭብ ሰው በሌለበት፣ በብዙ ማለዳ ተሠርቶ ነበር። ግማሹን መንገድ በሚገባ ያወቀ ሰው ሌላውን ግማሽ ጥቂት በጥቂት ጨመረበት።

ፊደል የሚቈጥር ልጅም እንዲሁ ነው። ዛሬ አንድ ፊደል፣ ነገ አንድ ቃል፣ ከዚያም አንድ ገጽ ያነብባል። መካከል ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ የቀረውም ከአለፈው ይልቅ የረዘመ ይመስለዋል። ሳይቸኵል፣ ሳያቋርጥም በየቀኑ ጥቂት ቢጨምር ግን የመጽሐፉን መጨረሻ ያያል።