የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች ቋሚ ቤት

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍታቸውንና ሥዕሎቻቸውን የሚያኖሩበት ዕቃ ቤት አላቸው። ለዘመሮ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም። በሸራ ላይ የተሣለው ዘመናዊ ሥዕል ግን እንዲህ ያለ ማደሪያና ጠባቂ ለማግኘት ረጅም ዘመን ጠብቋል። የሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ስለነበሩ፣ ልጁ ከቀለም ጋር የተዋወቀው በቤቱ ውስጥ ነው። የኮሌጅ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሥዕል አዘነበለ፤ ከ1957 እስከ 1961 ድረስም በጀርመን ሀገር በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ ተማረ።

ወደ ሀገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ1963 በአዲስ አበባ ባቀረበው ዐውደ ርእይ ረቂቅ ሥዕሎቹን ያዩ ብዙዎች ግራ ተጋቡ፤ የባዕድ ሀገር ኮተት ነው ብለው የነቀፉትም ነበሩ። ነቀፌታው ፈጽሞ ፍትሐዊ አልነበረም። በዚያው ዓመት የሣለው «ጎልጎታ» ስቅለትን በደማቅ ቀይ የሚያሳይ ሲሆን፣ የአባቱን ቤት ትምህርት የሚያውቅ ሰው ሥሩን አይስተውም። የቆርቆሮ ጣሪያዎችንና የጎዳና ሰዎችንም ሥሏል። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው። በግጥምም «ሀገሬ» የተሰኘው ሥራው ዛሬ ድረስ በብዙዎች ቃል በቃል ይታወቃል።

በደርግ ዘመን ከሀገሩ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት ሲያርፍ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከሥዕሎቹ ከፊሉ በጀርመን፣ ከፊሉ በግለሰቦችና በተቋማት እጅ ተበትኖ ቀረ። ሸራ እርጥበትና ፀሐይ የሚጎዳው፣ ባለቤት ሲለወጥም በቀላሉ ከዐይን የሚሰወር ነገር ነው፤ አንድ ትውልድ የገብረ ክርስቶስን ስም በግጥሙ ብቻ እያወቀ አደገ።

ይህ የተለወጠው በ2008 (በ2000 ዓ.ም.) ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በጎቴ ኢንስቲትዩትና በጀርመን መንግሥት ትብብር፣ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ በጀርመን ከነበሩት ሥዕሎቹም በርከት ያሉት ተመልሰው ገቡበት። ማዕከሉ የእርሱን ሥራዎች ከማሳየት ባሻገር የሌሎች ሠዓልያንን ዐውደ ርእዮች ያስተናግዳል። የግጥሞቹ መድበልም «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ከሞተ በኋላ ታትሟል። ጎብኚ ወደ ማዕከሉ ሲሄድ አስቀድሞ ግጥሙን ቢያነብ መልካም ነው፤ በሥዕሎቹ ላይ ያሉትን ቀለሞች በሌላ ዐይን ያያቸዋል።