የአፄ ምኒልክ ኑዛዜና የእኛ ቤት



ብዙዎቻችሁ በየማለዳው ከአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ ተሳፍራችሁ ወደ ሥራ ትሄዳላችሁ። ባቡሩ እስኪመጣ ድረስ የምታነቡት እንዲሆናችሁ፣ የባቡርን ሐዲድ ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡትን የዳግማዊ አፄ ምኒልክን ሕይወት ዛሬ በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። ስለ ዐድዋ ድላቸው ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። እኛ ግን በተለይ የምናነሣው ስለ ኑዛዜያቸው ነው፤ ምክንያቱም ቤት ያለው፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ከዚህ ታሪክ የሚማረው ነገር አለ። ዓመቶቹ እዚህ አገር በምንጠቀምበት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ምኒልክ በ1844 በሸዋ ተወለዱ። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ሸዋን ሊያስገብሩ በዘመቱበት ወቅት አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ታመው ሞቱ። ምኒልክ ያን ጊዜ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱና አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። በ1865 አምልጠው ሸዋ ገቡና የአባታቸውን አልጋ ያዙ። እንግዲህ አባት በድንገት ሲሞት በልጅ ላይ የሚደርሰውን እርሳቸው በራሳቸው አይተውታል ማለት ነው።

በ1889 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ቀደም ብሎ በ1886 ነበር። በ1896 የዐድዋ ጦርነት ሆነ። በ1905 የመጀመሪያው ባንክ፣ በ1908 ደግሞ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ።

የባቡሩ ነገር እንዲህ ነው። ምኒልክ በ1894 ለአማካሪያቸው ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ ሐዲዱን እንዲያሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ግን ኩባንያው ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፤ ሥራውም ቆመ። ምኒልክ የመጀመሪያው ውል ፈርሷል ብለው አልተዉትም። በ1908 አዲስ ውል ፈቀዱ፤ ሌላ ኩባንያም ሥራውን ተረከበ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን፣ ይህም እርሳቸው ከሞቱ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ባለቤቱ ቢሞትም ሥራው አልቀረም፤ ወረቀቱ ታድሶ፣ ተረካቢው ታውቆ ነበርና።

አሁን ወደ ኑዛዜው እንመለስ። ምኒልክ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር ልጅ አልወለዱም። ወንድ ልጃቸው በልጅነቱ ሞቷል። ከ1906 ወዲህ ጤናቸው እየታወከ ሲሄድ አልጋ ወራሽ መምረጥ ግድ ሆነባቸው። በ1909 የልጃቸው የወይዘሮ ሸዋረጋና የወሎው ራስ ሚካኤል ልጅ የሆኑትን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። ኢያሱ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚትና እንደራሴ ሆነው ተሾሙ። ኑዛዜው ለሕዝብ በአዋጅ ተነገረ። አፄ ቴዎድሮስና አፄ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ ሕዝቡ እርስ በርሱ መፋጀቱን አስታውሰው፣ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን ሁሉ ረገሙ።

ኑዛዜው በጊዜው ለሰው ሁሉ ተነግሯል፤ ወራሹም ተለይቶ ታውቋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ምኒልክ በዚያው ዓመት በጠና ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። በ1911 ራስ ተሰማ በድንገት ሞቱ። በቦታቸው የተተካ ሞግዚት አልነበረም፤ ንጉሡም መናገር እንኳ አቅቷቸው ስለነበር ኑዛዜያቸውን የሚያድሱበት ጉልበት አልነበራቸውም። ወጣቱ ኢያሱ ያለ መካሪ ብቻቸውን ቀሩ።

ምኒልክ በታኅሣሥ 1913 ሲያርፉ ሞታቸው ከሕዝብ ተደበቀ። ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ ከቤተ መንግሥት ወጥተው እንጦጦ እንዲቀመጡ ተደረገ፤ በ1918 እዚያው አረፉ። ኢያሱ በመስከረም 1916 ከሥልጣን ወረዱና የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ። በወሩ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤልና የሸዋ ጦር ሰገሌ ላይ ገጠሙ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ለዚህ ሁሉ የፖለቲካና የሃይማኖት ምክንያትም ነበረው። ሆኖም ሰገሌ ላይ የተዋጉት አማችና ልጅ፣ አክስትና የወንድም ያህል ዘመድ የሚባሉ የአንድ ቤት ሰዎች ወገኖች ነበሩ። እርግማን ብቻውን ቤተሰብን አንድ አድርጎ አላቆየም።

ውድ ወላጆች፣ የእኛ ቤት ዙፋን የለበትም። ነገር ግን በሚሽካንታ የተገዛ ቤት፣ የተጠራቀመ ጡረታ፣ የሚዋደዱ ልጆች አሉበት። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ በሉ።

አንደኛ፣ በአገር ቤት ሽማግሌ ጠርቶ በቃል መናዘዝ የተለመደ ነው። በእስራኤል የ1965 የውርስ ሕግ ግን የቃል ኑዛዜ የሚሠራው ሞት አፋፍ ላይ ለደረሰ ሰው፣ ቋንቋውን በሚሰሙ ሁለት ምስክሮች ፊት ሲሆን ብቻ ነው። ሰውየው ከተሻለው ከአንድ ወር በኋላ ይፈርሳል። ስለዚህ በጤናችሁ ጊዜ በጽሑፍ አድርጉት። ወይ ሙሉውን በገዛ እጃችሁ ጻፉትና ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ወይ በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሙ፤ ወይም መጻፍ የማይችል ሰው ዳኛ ወይም ኖታሪዮን ፊት ቀርቦ ይናገር። የሚወርስ ሰውም ሆነ ባሏ ወይም ሚስቱ ምስክር አይሁኑ፤ ለእነርሱ የተተወው ይሰረዛልና።

ሁለተኛ፣ ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ራሱ ያካፍላል። ልጆች ካሉ፣ በሕይወት የቀረው ባል ወይም ሚስት የቤቱን ዕቃና መኪናውን፣ ከቀረውም ንብረት ግማሹን ይወስዳል። ግማሹን ልጆች፣ ወንድም ሴትም ሳይባል፣ እኩል ይካፈላሉ። ይህ የሚስማማችሁ ከሆነ መልካም ነው፤ ካልሆነ ግን መጻፍ አለባችሁ።

ሦስተኛ፣ ራስ ተሰማን አስታውሱ። ወራሹ ቀድሞ ቢሞት በእርሱ ቦታ ማን እንደሚተካ ጻፉ፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ልጅ ሲወለድ፣ ትዳር ሲፈርስ፣ ቤት ሲገዛ ኑዛዜውን አድሱ።

አራተኛ፣ የሕይወት መድን ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በኩባንያው ፎርም ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው። ሥራ ስትጀምሩ የሞላችሁት ፎርም ላይ የማን ስም እንዳለ ዛሬውኑ ጠይቁ። የአሚዳር ኪራይ ቤት ግን የራሳችሁ ንብረት ስላልሆነ በኑዛዜ አይተላለፍም።

ኑዛዜውን የውርስ ጉዳይ መዝጋቢ ጽሕፈት ቤት ማስቀመጥ ይቻላል። ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የሕግ እርዳታ ክፍል መጠየቅ ይችላሉ።

በመጨረሻም ሕጉ የማይጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። የአባቶቻችሁንና የእናቶቻችሁን ስም እስከ ሰባት ቤት፣ የተወለዱበትን መንደር፣ የተቀበሩበትን ቦታ በአንድ ደብተር ጽፋችሁ ከኑዛዜው ጋር አኑሩት። ቤቱን ጠበቃ ሊያካፍልላችሁ ይችላል፤ ይህን ግን ከእናንተ በቀር ለልጆቻችሁ የሚጽፍላቸው የለም።