የወላይታው ካዎ ጦናና የጅሬኑ ቤት

በጅማ ከተማ አጠገብ፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ጎብኚ ሰገነቱንና አዳራሹን እያየ የንጉሡን ታሪክ ይማራል። ከኦሞ ወንዝ ወዲህ በወላይታ አገር ግን የዚያው ዘመን ንጉሥ የነበሩትን የካዎ ጦናን ቤት ለማየት የሚመጣ መንገደኛ እንዲህ ያለ የቆመ ቤተ መንግሥት አያገኝም። ሁለቱ ነገሥታት በአንድ ዘመን የነገሡ ነበሩ። የአንደኛው ቤት ቆሞ የሁለተኛው የታጣበትን ምክንያት ለመረዳት የካዎ ጦናን ሕይወት መመርመር ያሻል።

ካዎ ማለት በወላይትኛ ንጉሥ ማለት ነው። ካዎ ጦና ጋጋ፣ ወላይታ ማላ ከሚባለው የነገሥታት ወገን ቀጥሎ አገሩን ከገዛው ትግሬ ከሚባለው ሥርወ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። መቀመጫቸው ከዳሞታ ተራራ ብዙም በማይርቀው በዳልቦ ነበረ። አገራቸው በእንሰትና በእህል የለማ፣ ሕዝቡ የበዛበት፣ ዳር ድንበሩም ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይና በጉድጓድ የታጠረ ነበረ። የእጃጆ ኬላና የአማዶ ኬላ የሚባሉት እነዚህ ምሽጎች ከእርሳቸው በፊት በነበሩት ነገሥታት ዘመን የተሠሩ ናቸው።

የካዎ ጦና ዘመነ መንግሥት አጭር ነበረ፤ የወደቀውም በአስጨናቂ ወቅት ላይ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ክፉ ቀን የኢትዮጵያን ከብት በበሽታ ፈጅቶ ሕዝቡን በረኃብ አርግፎ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ግዛታቸውን ወደ ደቡብ በማስፋፋት ላይ ነበሩ። በጊዜው ሥርዓት በሰላም ለገበረ ንጉሥ አገሩ አይወረርበትም፤ ሹመቱም አይነሣም። አባ ጅፋር ይህን መንገድ መረጡ፤ ግብራቸውን እየከፈሉ በጅሬን ቤታቸው እንደ ተከበሩ ኖሩ። ካዎ ጦና ግን አልገብርም አሉ፤ ከዋናው ዘመቻ በፊት የመጣባቸውንም ጦር መለሱ።

በኅዳር ወር 1887 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጦራቸውን እየመሩ ከአዲስ አበባ ተነሡ። አባ ጅፋርም ሠራዊታቸውን ይዘው ከዘማቾቹ ጋር ነበሩ። የወላይታ ሰው በጦርና በጋሻ፣ ዘማቹ በጠመንጃ ተዋጋ። ንጉሡን ተከትሎ የሄደው ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ያየውን ጽፎ በ1896 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ አሳትሟል። ከጽሑፉ የምንረዳው የሰው እልቂት ብዙ እንደ ነበረ፣ ከብቱ እንደ ተነዳና ሕዝቡም እንደ ተማረከ ነው። ካዎ ጦና ቆስለው በታኅሣሥ ወር ተያዙ፤ ምርኮኛ ሆነው ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ከዚያ በኋላ ወላይታ እንደ ቀድሞው በራሱ ንጉሥ የሚተዳደር አገር አልሆነም።

ከዚህ ዘመቻ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የዐድዋ ድል ሆነ። በትምህርት ቤት ሳለን የዐድዋን ታሪክ በኩራት ተምረናል፤ መማራችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድ ዘመን ታሪክ ሲነገር ከገጾቹ አንዱን ከፍቶ ሌላውን መዝጋት ለተማረ ሰው አይገባውም። ለነፃነቱ የተዋጋን ሰው የምናከብር ከሆነ፣ በ1887 ዓ.ም. በዳሞታ ሥር የወደቁትንም ማክበር ይገባናል። ይህን ማለት ወንድማማች ሕዝቦችን ማጣላት አይደለም፤ እንዲያውም የጋራ ታሪካችን የተሟላ እንዲሆን ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። አባ ጅፋር ግብራቸውን ስለ ከፈሉ ቤታቸው ተረፈ፤ ቤቱም ስለ ተረፈ ታሪካቸው በቀላሉ ይታያል። ይህን ስንል እርሳቸውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሕዝባቸውን ከእልቂት ማዳናቸው ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው። ዳሩ ግን ታሪክን በቆመ ቤት ብቻ የምንለካው ከሆነ እንቢ ያለው ሰው ሁልጊዜ ሊረሳ ነው። ለካዎ ጦና የቀረላቸው ምስክር የአገሩ ካብ፣ የዳልቦ መሬትና ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረው የሽማግሌዎች ቃል ነው። ካብ ደግሞ ጠባቂ ካጣ ድንጋዩ ለቤት መሥሪያና ለአጥር ይወሰዳል፤ ቃልም ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ለትምህርት ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ ወላይታ ሶዶ የምትሄዱ ወጣቶች ሆይ፣ በቤተ መዘክር የተቀመጠውን ጦርና ጋሻ አይታችሁ ብቻ አትመለሱ። ወደ ካቡም ውጡ፤ የዕድሜ ባለጸጋዎቹንም በትሕትና እየጠየቃችሁ የሰማችሁትን በማስታወሻችሁ ጻፉ። የጅሬን ቤት በእንጨቱ የሚነግረንን፣ ለካዎ ጦና የምናቆይላቸው በዚህ መንገድ ነው።