በዝምታ የተናገረው ተዋናይ ሎን ቼኒ

በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን ከታወቁት አሜሪካውያን ተዋንያን አንዱ የሆነው ሎን ቼኒ እ.ኤ.አ ኤፕሪል 1 ቀን 1883 በኮሎራዶ ስፕሪንግስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ሁለቱም መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ የቤተሰቡ መግባቢያ የእጅ ምልክትና የፊት ገጽታ ነበር።

እናቱ በቁርጥማት በሽታ የአልጋ ቁራኛ በመሆናቸው ቼኒ ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ሊያስታምማቸው ግድ ሆነበት። በከተማው ውሎ ያየውን ሁሉ በምልክትና በእንቅስቃሴ እያስመሰለ ይነግራቸው የነበረ ሲሆን፣ ይህም ለኋለኛው ሙያው መሠረት ጥሎለታል።

እ.ኤ.አ በ1902 በመድረክ ሥራ የጀመረው ቼኒ ከከተማ ከተማ ከሚዘዋወሩ የቲያትር ቡድኖች ጋር ለዓመታት ከሠራ በኋላ ወደ ፊልም ተሸጋገረ። በዩኒቨርሳል ኩባንያ አነስተኛ ሚናዎችን ሲጫወት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በ1919 ለእይታ በበቃው “ተአምረኛው ሰው” በተሰኘው ፊልም አካል ጉዳተኛ መስሎ የሚያጭበረብር ሰው ሆኖ በመተወን ዝናን አተረፈ።

እ.ኤ.አ በ1923 “የኖትርዳሙ ጎባጣ” በተባለው ፊልም ጆሮው የማይሰማውን ደወል ደዋይ፣ በ1925 ደግሞ “የኦፔራው መንፈስ” በተሰኘው ፊልም ፊቱን በጭምብል የሚሸፍነውን ሰው ተጫውቷል። የገጸ ባህርያቱን መልክ በራሱ እጅ ይሠራ ስለነበር “ባለ ሺህ ፊቱ ሰው” የሚል ቅጽል ስም ተሰጥቶታል። ቼኒ አስፈሪ መልክ ያላቸውን ሰዎች ሲጫወት ተመልካቹ እንዲያዝንላቸው ማድረጉ ከሌሎች ለይቶታል።

ድምፅ ያላቸው ፊልሞች ሲስፋፉ ለመናገር ከዘገዩት ታዋቂ ተዋንያን መካከል ቼኒ አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ በ1930 በብቸኛው ባለድምፅ ፊልሙ በአምስት የተለያዩ ድምፆች የተጫወተ ሲሆን፣ ሁሉም የራሱ መሆናቸውን በመሐላ ቃል አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ፊልሙ ለእይታ በበቃ በሁለት ወራት ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ ኦገስት 26 ቀን 1930 በካንሰር በሽታ በ47 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። በመጨረሻዎቹ ቀናት መናገር ስለተሳነው ከቤተሰቡ ጋር የተግባባው ከወላጆቹ በተማረው የእጅ ምልክት ነበር።

ከተወነባቸው ከ150 በላይ ፊልሞች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት እ.ኤ.አ በ1994 ለድምፅ አልባ ፊልም ተዋንያን መታሰቢያ ባወጣቸው ቴምብሮች የቼኒን ምስል አካቷል።